የሠርቶ አደሩ እስትንፋስ በማን መዝገብ ይጻፋል?

ሥራ የኅብረተሰብ ኑሮ መሠረት መሆኑ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ ጥጡን ፈትሎ የሚለብሰው፣ ድንጋዩን ፈጭቶ ቤት የሚያንጸው፣ እህሉን አስፈጭቶ የሚመገበው በሥራ አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ሥራ በአንድ በተወሰነ ቦታና በአንድ በተወሰነ አየር ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ፣ ሠራተኛው ለምርት የሚያውለው የክንዱን ጉልበት ብቻ አይደለም። በስምንት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ የሚተነፍሰውን አየር የሚመርጠው እሱ አይደለም። የሥራ ውል ሲፈረም ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዓመት ፈቃድ ይጻፋል፤ ስለሚተነፈሰው አየር የሚጻፍ ነገር ግን እምብዛም አይገኝም።

በፋብሪካ ውስጥ ለማሽን የሚደረገውን ጥንቃቄ እንመልከት። አንድ የፈትል ማሽን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የራሱ መዝገብ አለው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ኩሽኔታው መቼ እንደተለወጠ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደቆመ ይጻፋል። ድምፁ ሲለወጥ ቴክኒሽያን ይጠራል እንጂ እስኪሰበር አይጠበቅም። ይህም ተገቢ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ የምርት መሣሪያ ነውና። ነገር ግን ከዚሁ ማሽን አጠገብ ቆማ ሃያ ዓመት የሠራችው ሴት የሳንባዋ አቅም ስንት እንደነበረና ስንት እንደቀረ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ቢፈለግ በብዙ ቦታ አይገኝም። ከምርት ኃይሎች መካከል ሊተካ የሚችለው ተመዝግቦ፣ ሊተካ የማይችለው ሳይመዘገብ የሚቀርበትን ይህን አሠራር እኛ እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉድለት አድርገን አንመለከተውም።

ሳንባ ትዕግሥተኛ የአካል ክፍል ነው። ጤነኛ ሰው ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገው ከሳንባው አቅም ከፊሉ ብቻ ስለሆነ፣ ሩብ የሚሆነው ቢጎድል እንኳ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። ዳገት ሲወጣ ወይም ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ሲመለስ ቆም ብሎ መተንፈስ ሲጀምር፣ ዕድሜ ነው ይላል። ሳሉ ሲጠናበት ብርድ ነው፣ ምች ነው ይባላል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ነቀርሳ አለመሆኑ ሲታወቅ የሳል ሽሮፕ ይዞ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል «ሥራህ ምንድን ነው? በዚያስ ሥራ ስንት ዓመት ቆየህ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ የሚገኘው በዕድል ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ማንኛውም ሐኪም ድኃ ታማሚ ሲገጥመው ሥራውን እንዲጠይቅ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1700 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

በአገራችን የብዙ ሺህ ሠራተኞች እንጀራ ከጥጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጥጥ እንነሣ። የጥጥ ባሌ ተፈትቶ በሚበተንበትና በሚጸዳበት፣ ቀጥሎም በሚበጠርበት ክፍል ውስጥ የሚነሣው ብናኝ ከቃጫው በተጨማሪ የቅጠልና የግንድ ፍርፋሪ፣ እንዲሁም በተክሉ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚተዉትን ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዛም ነገር የያዘ ነው። ይህን ብናኝ ለዓመታት የሚስብ ሰው ቢሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ ሕመም ይይዘዋል። የሕመሙ አመጣጥ ለየት ያለ ነው። ሠራተኛው ከሳምንት እረፍቱ ተመልሶ ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ደረቱ ይጨመቃል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በማግሥቱ ይሻለዋል። የአውሮፓ የፋብሪካ ከተሞች ሠራተኞች ሕመሙን በሰኞ ስም ይጠሩት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እያደር ግን የሰኞው ጭንቀት ወደ ማክሰኞ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ቀናት ይሻገራል፤ በመጨረሻም እረፍትም ቢሆን የማያስታግሰው ዘላቂ የትንፋሽ እጥረት ይሆናል። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የእንግሊዝን ሠርቶ አደር መደብ ሁኔታ በሚገልጸው ሥራው፣ በማበጠሪያ ክፍሎች ያለው የቃጫ ብናኝ የሠራተኞቹን ደረት እንደሚያሳምም ጽፏል። በዚያን ጊዜ የክፍሉ አየር በዓይን ይታይ ነበር፤ የሠራተኛው ሳንባ ግን አይለካም ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስል በራሳችን ምድር የተደረገውን ጥናት እናስታውስ። በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በአንድ የብሪታንያ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በዕጣ የተመረጡ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። አጥኚዎቹ የመረጡት ጊዜ በራሱ ትምህርት ይሰጣል። ሠራተኞቹ 36 ሰዓት ካረፉ በኋላ በሚገቡበት በመጀመሪያው ፈረቃ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የእያንዳንዳቸውን ትንፋሽ ለኩ፤ በየክፍሉም የአየሩን ብናኝ መዘኑ። ውጤቱ እነሆ፦ በጥጥ ማጽጃው ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በማበጠሪያው ክፍል ከሚሠሩት 37.5 በመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ ተገኘባቸው። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። ሕመም የነበረባቸው ሠራተኞች ሳንባ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ብቻ በሚለካ መጠን ሲደክም ታየ፤ ብናኙ በበዛ ቁጥርም ጉዳቱ መብዛቱ ተረጋገጠ።

በዚያ ፋብሪካ የተመዘነው ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊግራም ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጥጥ ብናኝ ደንብ ለፈትል ሥራ የፈቀደው ወሰን 0.2፣ ለሽመና ደግሞ 0.75 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ በእኛው ፋብሪካ የተገኘው ዝቅተኛው መጠን እንኳ ከሁለቱም ወሰኖች በላይ ነበር ማለት ነው። አጥኚዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሁሉ እንዲጠኑ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ባለ ብዙ ሥራ ሆኖ የሚታየን አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ሠራተኛው ለአጥኚ ተነፈሰ፣ ቁጥሩ ወደ መጽሔት ሄደ፣ ሠራተኛው ወደ ማበጠሪያው ክፍል ተመለሰ። በጥናት ሰበብ አንድ ጊዜ የሚደረግ ልኬት ዕውቀትን ያስገኛል። ሠራተኛውን የሚጠብቀው ግን በየጊዜው የሚደጋገምና መልስ የሚሰጥበት ልኬት ነው።

ለመሆኑ ይህ ልኬት እንዴት ይደረጋል? መሣሪያው ስፓይሮሜትር ይባላል። ሠራተኛው አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዝና ሳንባው እስኪሞላ አየር ይስባል፤ ከዚያም በቱቦው ውስጥ በሙሉ ኃይሉ፣ በአንድ ጊዜ፣ አየሩ ተሟጥጦ እስኪያልቅ ቢያንስ ለስድስት ሴኮንድ ያህል ይተነፍሳል። ቢያንስ ሦስት ትክክለኛ ትንፋሾች መገኘት አለባቸው። ከእነዚህ ሁለት ዋና ቁጥሮች ይወጣሉ፦ በጠቅላላው የወጣው አየርና በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ብቻ የወጣው አየር። የአየር ቧንቧው ሲጠብ የመጀመሪያዋ ሴኮንድ ቁጥር ይወርዳል። ልኬቱ አያምም፣ መርፌ የለውም፣ ደም አይቀዳበትም፤ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ችግሩ መሣሪያው ላይ ሳይሆን በአለካኩ ላይ ነው። በደንብ ያልሠለጠነ ለኪ ሰነፍ ትንፋሽን እንደ ሙሉ ትንፋሽ ይቀበላል፤ ያልተስተካከለ መሣሪያም በሥርዓት ይዋሻል። ስለዚህ ልኬት ተደረገ በተባለ ቁጥር ማን ለካ፣ መሣሪያውስ መቼ ተፈተነ ብሎ መጠየቅ የሠራተኛ ማኅበር ተግባር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ስሕተት የሠራተኛውን ቁጥር ከአንድ «መካከለኛ ሰው» ቁጥር ጋር ብቻ ማመዛዘን ነው። በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ወጣት ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያዋ ሴኮንድ 4.8 ሊትር አየር ያወጣ ነበር እንበል። ከ12 ዓመት በኋላ ሲለካ 3.6 ሊትር ሆነ። በዕድሜውና በቁመቱ ከመሰሎቹ የሚጠበቀው 3.9 ሊትር ቢሆን፣ ሐኪሙ ከሚጠበቀው 92 በመቶ አለህ፣ ጤነኛ ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። እውነቱ ግን ሰውየው የሳንባውን ሩብ አጥቷል። ማንኛውም አዋቂ ሰው በዕድሜ ምክንያት በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀንስበታል፤ ይህ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 360 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። የተቀረው 840 ሚሊ ሊትር የት ሄደ? መልሱን ሊሰጥ የሚችለው ያ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ብቻ ነው። የመነሻ ልኬት ያልተመዘገበለት ሠራተኛ ጠንካራ በነበረ መጠን ጉዳቱ ተሸፍኖ ይኖራል። ወደ ፋብሪካ ለከባድ ሥራ የሚቀጠሩት ደግሞ በአብዛኛው ጠንካሮቹ ናቸው።

እዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ የመጣበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስፓይሮሜትርን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። ሃቺንሰን ከሕይወት መድን ኩባንያ ጋር የሚሠራ ሰው ነበርና መሣሪያው ሊጠቅም የሚችልበት አንዱ ቦታ፣ ማንን ዋስትና ብንሰጠው እናተርፋለን የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የባርነት ጠበቃ የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት፣ የጥቁሮች ሳንባ በተፈጥሮው ከነጮች 20 በመቶ ያህል ያንሳል ብሎ ጻፈ፤ ባርነትንም በዚሁ ለማጽደቅ ተጠቀመበት። ይህ ሐሳብ ከባርነት ጋር አልተቀበረም። «የዘር ማስተካከያ» በሚል ስም በሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1999 በባልቲሞር ከተማ አንድ አምራች ኩባንያ፣ በአስቤስቶስ ተጎዳን ብለው ካሳ የጠየቁ ጥቁር ሠራተኞች ከነጮቹ የበለጠ የሳንባ መቀነስ እንዲያሳዩ ይደረግ ሲል ለፍርድ ቤት አመለከተ። በሌላ አነጋገር፣ እኩል አቧራ የሳበ ጥቁር ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት ከነጩ ባልደረባው ይልቅ የባሰ መታመን ነበረበት። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን መነሻ የማያደርግ መመዘኛ እንዲሠራበት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ወደ አገራችን በሚገቡ መሣሪያዎች ውስጥ አሮጌው ስሌት ተጭኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ የሚለካው ባለሙያ በየትኛው መመዘኛ እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሠራተኛውን ከራሱ የትናንት ቁጥር ጋር የማነጻጸር ሌላው ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል፤ ማንም ሰው ከገዛ ራሱ የተለየ ዘር የለውም።

እንግዲህ ልኬቱ ለማን ጥቅም እንደሚውል የሚወስነው መዝገቡን የያዘው እጅ ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር ብቻ የሚደረግ ምርመራ ደካማውን በበሩ ላይ ለመመለስ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ካልተደገመ ለሠራተኛው የሚያስገኘው ነገር የለም። ቁጥሩ ለሠራተኛው ሳይነገር ለአስተዳደሩ ብቻ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከጥበቃ ይልቅ ወደ ማስወጫ መንገድነት ይለወጣል። ሠራተኞች ከእንዲህ ያለው ምርመራ ቢሸሹ፣ ሳላቸውን ቢደብቁ፣ በሰኞው ቀን ደረቴ ደህና ነው ብለው ቢመልሱ ያላዋቂነት ተደርጎ መታየት የለበትም። እንጀራቸውን እየጠበቁ ነው።

ይህ ፍርሃት ሊወገድ የሚችል መሆኑን የማዕድን ሠራተኞች ትግል ያሳያል። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በኅዳር ወር 1968 (እ.ኤ.አ.) በፋርሚንግተን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ 78 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በተከታዩ የካቲት ወደ 40,000 የሚጠጉ የማዕድን ሠራተኞች የጥቁር ሳንባ በሽታ በሕግ እንዲካስ ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ የብናኝ ወሰን አስቀመጠ፣ ለማዕድን ሠራተኞች የሳንባ ክትትል አቋቋመ። ከሁሉም በላይ እኛ የምንመለከተው አንድ ድንጋጌ አለ፦ በራጅ የሳንባ ጉዳት የታየበት የከሰል ሠራተኛ ብናኝ ወደሚያንስበት ሥራ የመዛወር መብት አለው፤ ደመወዙም በዝውውሩ ምክንያት አይቀነስም። በጥጡ ዘርፍ የሆነው ግን የተለየ ነበር። የ1978ቱ ደንብ ከእረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ከፈረቃው በፊትና በፈረቃው ውስጥ ትንፋሽ እንዲለካ፣ ምርመራውም በየዓመቱ እንዲደገም አዘዘ። ባለ ፋብሪካዎቹ ወጪው ከጥቅሙ ጋር ይመዛዘን ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋናውን ደንብ ሲያጸና፣ ወደ ሌላ ሥራ ለሚዛወር ሠራተኛ ደመወዙ ይጠበቅለት የሚለውን ክፍል ግን አላጸናም። የቅራኔው እምብርት የት እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

ሕግም ቢሆን ነቅቶ የሚጠብቀው ካጣ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሪፖርት ከ2013 እስከ 2017 በቨርጂኒያ በሚገኙ ሦስት ክሊኒኮች ብቻ 416 ሰዎች እጅግ የከፋው የጥቁር ሳንባ ዓይነት እንደተገኘባቸው አመልክቷል። ይህ የሆነው ሕጉ ከወጣ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን 155ኛውን የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት ያጸደቀችው ከላይ የጠቀስነው ጥናት በታተመበት በ1983 ዓ.ም. ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው በራሱ ወጪ አዲስ ለሚቀጠሩ ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩት ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ የጤና ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ጠቅላላውን ነገር የሚሸከመው «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ሐረግ ነው። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን ነው? ማበጠሪያው ክፍል ያለችው ሴት ናት፣ የክፍሉ ኃላፊ ነው ወይስ የፋብሪካው ሒሳብ ሹም? ሕጉ በዝምታ ያለፈውን ቦታ የሚሞላው የኅብረት ስምምነት ነው። ሠራተኛው ማኅበር በዚህ ላይ ዝም ካለ ሐረጉ በራሱ ጊዜ ወደ «አያስፈልግም» ይተረጎማል።

ይህ ጉዳይ ከጤና አልፎ በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ኪስ የሚገባ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። በአዋጁ መሠረት በተራ ሕመም የታመመ ሠራተኛ የሕመም ፈቃዱ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕመሙ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ መሆኑ ሲታወቅ ግን ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል፤ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ስድስት ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ላይ ይወድቃል፤ ዘላቂ ጉዳት ከሆነም የካሳ ጥያቄ ይከተላል። አንድ ዓይነት ሳል፣ አንድ ዓይነት የደረት መጨነቅ፣ በስሙ ምክንያት ብቻ ሁለት የተለያየ ኑሮ ያስከትላል። ሕጉ በአንዳንድ ሥራዎች ላይ በተሰማሩ ሰዎች ብቻ ዘወትር የሚታይ በሽታ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ከሥራው እንደመጣ እንዲገመት ይፈቅዳል፤ በሽታው መኖሩ ግን በሐኪም መረጋገጥ አለበት። ተደጋግሞ የተመዘገበ ትንፋሽ በእጁ የሌለው ሠራተኛ ወደ ሐኪሙም ሆነ ወደ ዳኛው የሚቀርበው በሳሉ ብቻ ነው።

ወጪው ይበዛል የሚል ክርክር ይነሣል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ለሚፈስ ቦይለር ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚደረግ የአሥራ አምስት ደቂቃ ልኬት ገንዘብ ማግኘት አያቅተውም።

ከዚህ ይልቅ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ልኬቱን የመከላከያው ሙሉ ሥራ አድርጎ የመውሰድ አዝማሚያ ነው። ስፓይሮሜትር አቧራ አያስቀርም። ቁጥሩ መውረዱን ሲያሳይ ጉዳቱ በከፊል ደርሷል፤ ብናኙ እስካልቀነሰ ድረስ የአንዱን ሳንባ ለክቶ ሌላውን በቦታው መተካት በሽታን በተራ ማደል ነው። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) የታተመ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሲሚንቶ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በድንጋይ መፍጫው ክፍል የተገኘው የብናኝ መጠን በአማካይ 38.6፣ በማሸጊያው 18.5፣ በጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ ግን 0.4 ሚሊግራም እንደነበረ ያሳያል። ከፍተኛ ብናኝ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች የትንፋሽ ኃይል በአንዱ ፈረቃ ውስጥ ይቀንስ ነበር። በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ ያሉ ሰዎች እንዲህ የተለያየ አየር ይስባሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል የሚሠሩ የብዙ ሰዎች ቁጥር አብሮ ሲወርድ መታከም ያለበት ክፍሉ ነው፤ ብናኙን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ፣ የተከደነ ማሽን፣ በመጥረጊያ ፈንታ ውኃ ወይም መምጠጫ ይፈለጋል። የአፍንጫ መሸፈኛ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። በዚህ አጋጣሚ በየአውደ ጥናቱና በየጋራዡ አቧራን ያጥባል ተብሎ ስለሚጠጣው ወተት አንድ ነገር እንበል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ የሚወርደው ግን ወደ ጨጓራ ነው። አንድ ሊትር ወተት ታድሎ ማራገቢያው ሳይጠገን የሚቀርበት የኅብረት ስምምነት ካለ፣ በዚያ ስምምነት የተታለለው ማን እንደሆነ አባላቱ ሊነጋገሩበት ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው አሠሪ፣ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት ስላለበት ቦታ ነው። በየሰፈራችን ያለው ሠርቶ አደር ግን ከዚህ ጥላ ውጪ ነው። የወፍጮ ቤት ሠራተኛው ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ ይውላል። እንጨት ቤት ያለው ወጣት የመጋዙን ብናኝ ሲስብ ይውላል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ቡና አበጥራ የምትለቅመው ሴት፣ በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት ሁሉ በአንቀጽ 92 በር በኩል የሚያልፉ አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች የነዋሪዎች ማኅበርና እድር ሊሠሩ የሚችሉት ነገር አለ። የትንፋሽን ከፍተኛ ፍጥነት የሚለካው በእጅ የሚያዘው ትንሽ መሣሪያ እንደ ስፓይሮሜትር የተሟላ ባይሆንም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ መብራት አይፈልግም፤ ከላይ በድሬዳዋው ጥናት በፈረቃ ውስጥ የታየው መቀነስ የተለካው በዚህ ዓይነቱ መለኪያ ነበር። ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ በዓመት አንድ ቀን ማስለካት፣ በየቤቱ የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም የሚያስሉ ሰዎችን ሥራቸውን እንዲጠይቁ ማሳሰብ ከአንድ የስብሰባ አጀንዳ በላይ አይጠይቅም። የሲሊካ ብናኝ የሳበ ሳንባ ለነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ድንጋይ ጠራቢው ነቀርሳ ሲገኝበት ጥያቄው እዚያ ላይ መቆም የለበትም።

በፋብሪካ ያሉ ማኅበራት ወደ ድርድር ሲቀርቡ ሊይዟቸው የሚገቡ ነጥቦች ከላይ ከተባለው በቀላሉ ይወጣሉ። የመነሻው ልኬት ሠራተኛው ወደ ብናኙ ከመግባቱ በፊት ይደረግ። ዓመታዊው ልኬት ከእረፍት በኋላ በሚውለው በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ከፈረቃ በፊትና በኋላ ይሁን፤ በሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተለካ የጥጥ ሠራተኛ የሰኞውን እውነት አይናገርም። ስለ ሙያ ጤና አገልግሎቶች የወጣው የ1985 (እ.ኤ.አ.) 161ኛው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ እንደሚለው፣ ምርመራው ነፃ ሆኖ በተቻለ መጠን በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን፤ ሠራተኛውም ከደመወዙ አንዳች አይጉደልበት። የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ለራሱ ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ለደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴው ግን ስም ሳይጠቀስ የየክፍሉ ድምር ይቅረብ። ትንፋሹ በአንድ ዓመት ውስጥ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የወረደ ሠራተኛ በሐኪም ይታይ፤ መዛወር ካስፈለገው በያዘው ደመወዝ ይዛወር።

መዝገቡ ለስንት ዓመት ይቆያል የሚለውም በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነገር ነው። የሲሊካና የአስቤስቶስ ጉዳት ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ፋብሪካዎቻችን ደግሞ ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፉ ኖረዋል። በእንዲህ ያለው ርክክብ ጊዜ ማሽኑ ይቆጠራል፣ ሕንጻው ይገመታል፣ በመጋዘን የተረፈው ባሌ ይመዘናል። የሠራተኞቹ የሳንባ መዝገብ በዚያው የርክክብ ሰነድ ላይ በተራ ቁጥር ተጽፎ ከአስረካቢ ወደ ተረካቢ ይፈረምበት፤ አንድ ቅጂውም በሠራተኛ ማኅበሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።